የጥጥ ክር

«ያ ሸራ ዛሬ ከዚህ ቤት ይውጣልኝ!» አለች የሟች እህት፣ የቡና ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ እያስቀመጠች። «ወንድሜን በልቶ ደግሞ ጓሮ ተጋድሞ ይተኛ? ዓይኔ እያየ አይሆንም!»

ለቅሶ የደረሱት ሴቶች «እውነቷን እኮ ነው» ተባባሉ። ለሟች ሚስት ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። አራት ቀን ሙሉ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ እጅ ስትጨብጥ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት «አሜን» ስትል፣ በማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ አገጯን ስታሳርፍ ወገቧ ተቆርጧል። ቡናው ይመጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሣል፣ ሌላ ይመጣል። ያላደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አላለቀሰችም።

«ደንግጣ ነው፤ ድንጋጤ እንባ ያደርቃል» ይሉላታል በሹክሹክታ። አንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት «እሷ ድሮም ልበ ደንዳና ናት» ስትል ሰምታታለች። አልተቀየመቻትም። ለመቀየምም ጉልበት ይጠይቃል።

«ወንድሜን ላገኘው ዓሣ አጥማጅ ነግሬዋለሁ» አለች እህትየው። «ለጀልባው መሸፈኛ ይሁነው። ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል።»

«ዛሬ?» አለች ሚስትየው። በአራት ቀን ውስጥ ከ«አሜን» ሌላ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ዛሬ ነዋ፣ እህቴ። አንቺስ ምን ያደርግልሻል? ባየሽው ቁጥር ሐዘን።»

ምን እንደሚያደርግላት ብትነግራቸው ኖሮ ቤቱ ቀጥ ይል ነበር።

ሟቹን ሰፈሩ «ካፒቴን» ነበር የሚለው። ለሹፈት ነው። በዕድሜው ከነዳው መርከብ ሁሉ ትልቁ አንዲት ሰሌዳ ናት፤ ዊንድሰርፍ የሚሏት፣ ሰው ቆሞባት ሸራዋን በሁለት እጁ ይዞ ነፋሱ ባሕር ላይ የሚያንሸራትታት። በወጣትነቱ የሆቴል አትክልተኛ ነበር። አንድ እንግዳ የተቀደደ ሸራ ጥሎ ሲሄድ፣ ከቆሻሻው ላይ አነሣና ወደ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ይዞ መጣ።

«ይሄ ይሰፋል?» አላት።

«እግር ካወጣህለት ሱሪ አደርግልሃለሁ» አለችው እየሳቀች። ሰፋችለት። በዓመቱ ተጋቡ። ልጅ አልሰጣቸውም። ሃያ ስድስት ዓመት እሱ ከባሕሩ አፋፍ ላይ በሠራት የቆርቆሮ ቤት አራት ሰሌዳና ስድስት ሸራ እያከራየ፣ እሷ ቤቷ ውስጥ የሰው ልብስ እየሰፋች ኖሩ። ሸራ በተቀደደ ቁጥር የሚመጣው ወደ እሷ የስፌት መኪና ነው።

ለሸራ የነበረው ነገር መቼም ሌላ ነው። ከባሕር ሲወጣ ጨው እንዳይበላው በንጹሕ ውኃ ያጥበዋል፣ ገመዱን ያላላለታል፣ ጥላ ውስጥ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ አድርጎ ይጠቀልለዋል። አጥፎ ያስቀመጠ ሰው ያገኘ እንደሆነ ወየውለት! «አንሶላ መሰለህ? ዛሬ ያጠፍክበት ቦታ ነው ነገ የሚሰነጠቀው!» እያለ ሰፈር ያሰማል። ሸራውን ፀሐይ ላይ ጥሎ ምሳ የበላ ደንበኛ ሁለተኛ አይከራይም፤ ወርቅ ቢያመጣም።

ሲወጥረውማ ማየት ነው። ምሰሶውን በሸራው ረጅም ኪስ ይሰድና፣ እግሩን ከምሰሶው ሥር ተክሎ የታችኛውን ገመድ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይስበዋል። ጀማሪዎች ሸራው ከላይ እስከ ታች እንደ ከበሮ ካልተነፋ የተወጠረ አይመስላቸውም። እሱ ግን ገመዱን ሲስበው ሲስበው፣ የሸራው ጫፍ ከላይ ላላ ብሎ መርገብገብ ሲጀምር ነው «በቃ» የሚለው። «ነፋሱ ሲበዛበት የሚያስወጣበት ይኑረው እንጂ» ይላቸዋል። «ሰውም እኮ እንደዚያው ነው።»

«ለሸራው ያወቅህበትን ለእኔ ብታውቅበት» ትለው ነበር ሚስቱ። ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም።

ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የሚወደው ትልቁ ሸራ ከምሰሶው ኪስ አጠገብ ሁለት ስንዝር ያህል ተቀደደ። ከሰዓት በኋላ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋባት። እሷ ስድሳ የተማሪ ዩኒፎርም ለሰኞ ማድረስ አለባት። አንገቷ ደርቆ አልዞር ብሏታል፣ ዓይኗ ይቆጠቁጣታል።

«ነገ» አለችው።

«ነገ በጠዋት ነፋስ አለ፤ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ። አምስት ደቂቃ እኮ ነው!»

«ለአንተ ነው አምስት ደቂቃ። ለምን እሱኑ ሸራህን አላገባኸውም?»

«ጠይቄው እምቢ ብሎኝ ነዋ» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሸራ የምትሰፋበት ጠንካራው የናይሎን ክር አልቆ ነበር። ሱቁ ሩቅ ነው፤ ተነሥታ ለመሄድ እግሯ እሺ አላላትም። መኪናዋ ላይ ለሸሚዞቹ ያስገባችው ነጭ የጥጥ ክር አለ። የጥጥ ክር ጨውና ፀሐይ ሲፈራረቁበት እንደሚበሰብስ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሸራውም ነጭ፣ ክሩም ነጭ፤ ማን ያያል? «ለጊዜው ነው፤ ሰኞ ፈትቼ እደግመዋለሁ» ብላ ላይ ላዩን ሰፍታ ሰጠችው። ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ። ማክሰኞም መጣ። ከዚያ ረሳችው። በቃ፣ ረሳችው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ነፋሱ ሲበረታ ካፒቴን በዚያው ሸራ ብቻውን ወጣ። ሰሌዳው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ዓሣ አጥማጁ አገኘው። ሐኪሙ «ልቡ ነው» አለ። ለቅሶ ደራሹም «ልቡ ነው፤ ሳይሠቃይ ነው» እያለ ያጽናናታል። እሷ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ከካፒቴን ጋር የኖረች ሰው ናት። ሸራው መሐል ባሕር ላይ ከተተረተረ ሰሌዳዋ ወዴትም አትሄድም። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ያን ሁሉ መንገድ በእጁ እየቀዘፈ ልመለስ ብሎ ቢታገል፣ ልቡ ምን ያድርግ? ሐኪሙ ያየው ልቡን ነው፤ ስፌቱን አላየም።

ሸራው ከነጨው ከነአሸዋው ተጠቅልሎ ጓሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጥሏል። ገልጦ ማየት ብቻ ነበር። ግን ለመነሣት ባሰበች ቁጥር «ምን ፈለግሽ? ተቀመጪ፣ እኛ እናምጣልሽ» ብለው ትከሻዋን ይጫኗታል። ሐቁን ለመናገር፣ ሲጫኗት እፎይ ትል ነበር። አሁን ግን ሸራው ሊሄድ ነው። ከሄደ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ «ገድዬው ይሆን?» እያለች ልትኖር ነው።

ከምሳ በኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር መጡ፤ የካፒቴን የድሮ ተማሪ ናቸው። ቡናቸውን ተቀብለው፣ «እኔን ሲያስተምረኝ ሰባት ጊዜ ወደቅሁ» ብለው ጀመሩ። «በሰባተኛው ከውኃ ሲያወጣኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ጋሼ፣ ለዛሬ ይበቃዎታል፤ የቀረውን ባሕር ነገ ይጠጡት›!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና በየመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የሟች እህት እንኳ እየሳቀች ነበር ያለቀሰችው። ሚስትየው በዚህ መሐል ተነሥታ በጓሮ በር ወጣች።

ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዓሣ አጥማጁ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«እትዬ፣ ውሰድ ብለውኝ ነው የመጣሁት» አላት እያፈረ። «ካልፈለግሽ ግን…»

«ስታገኘው» አለችው። «ሸራው እንዴት ነበር?»

«እኔ ሰውየውን ነው ያየሁት፣ እትዬ። ሸራ የማይበት ዓይን ነበረኝ?»

«እስቲ አውጥተህ ዘርጋልኝ።»

ጎትቶ አወጣና ጓሮው ላይ ዘረጋው። አሸዋው ረገፈ፤ እርጥበት የያዘው ጨርቅ ሽታ ወጣ። ተንበረከከች። ቦታውን ለማግኘት ዓይን አያስፈልጋትም፤ ከታች ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ኪሱ ጥግ ላይ ነው። ለማየት ስላልደፈረች ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳሰሰች። ቀዳዳ ጠበቀች። ጣቷ ያገኘው ግን ቀዳዳ ሳይሆን እንደ ጠባሳ ያበጠ ነገር ነበር።

ዓይኗን ገለጠች። ሸራው ደህና ነው። ክር የሳሳበት እንኳ የለም። ከእሷ ነጭ ስፌት በላይ ወፍራም ሰማያዊ የመረብ ክር ሄዷል። አንዱ ጥልፍ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዳንዱ ጋ እዚያው ሦስቴ የተደገመ፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። እንዲህ የሚሰፋ ለማጅ እሷ ዘንድ አንድ ቀን አያድርም።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

ዓሣ አጥማጁ ባርኔጣውን አገላበጠ። «እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። እንግዲህ እሱም የለ… አንቺ በሰፋሽለት በማግሥቱ የመረብ መርፌና ክር አውሰኝ ብሎ መጣ። ‹ሚስትህ ልብስ ሰፊ አይደለች እንዴ? ምን ነካህ?› ብለው፣ ‹ክሩ ጥጥ ነው፤ በጣቴ ዳስሼ አገኘሁት› አለኝ።»

«ዐወቀ?» አለች።

«ዐወቀ እንጂ! ‹ታዲያ ንገራት› ብለው ተቆጣኝ። ‹ምን ብዬ ልንገራት? አንገቷን ማዞር አቅቷት እኔ ነኝ ያስገደድኳት። ብነግራት ታፍራለች፤ አፍራም አትቀር፣ ተነሥታ ልድገመው ትላለች። ተዋት፣ ትንሽ ትረፍ› አለኝ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ጣቱን በወጋ ቁጥር የሚሰድበው እኔን! ‹አምጣ ልስፋልህ› ብለው ደግሞ እምቢ።»

ጣቱን አስታወሰችው። ፕላስተር ለጥፎበት ገብቶ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ሽቦ ቧጨረኝ» ብሏት ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ እጅጌ እያስገባች ነበር።

አልገደለችውም። አራት ቀን ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣላት። ተነሥቶ ግን ዕረፍት አልሆናትም፤ ድንጋዩ ደፍኖት የቆየው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱ ወጣ። «ወይኔ!» አለች። «ወይኔ፣ የእኔ ጌታ! ምነው ብትነግረኝ! ምነው ብትቆጣኝ!» ሸራው ላይ ተደፍታ ጮኻ አለቀሰች፤ ጩኸቷ ሳሎን ድረስ ተሰማ።

የሟች እህት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሮጣ መጣች። «ምን አደረግሃት አንተ! ውሰደው አላልኩህም? አንሣው ከፊቷ!»

«አይሄድም» አለች ሚስትየው፣ ቀና ሳትል።

«እህቴ…»

«አይሄድም አልኩ፣ እትዬ። ወንድምሽ የሰፋው ነው። ነይ እይው። በእጁ ነው የሰፋው።»

እህትየው አጎንብሳ አየች። ሰማያዊውን ክር በጣቷ ተከትላ ሄደች። «ወይ አንተ» አለች ቀስ ብላ። «ቁልፍ መትከል እንኳ አያውቅም ነበር እኮ።» ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

ስፌቱ ያለቀበት ጋ የክሩ ጫፍ ጣት ያህል ተርፎ ተንጠልጥሏል። ካፒቴን እስከ መጨረሻው ሰፍቶ ሰፍቶ፣ ስፌት ሲያልቅ እንደሚቋጠር ሳያውቅ ትቶታል። ሚስትየው እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ጫፉን ይዛ አንዴ አዞረችው፣ ደግማ አዞረችው፣ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተረፈውን ክር በጥርሷ ቆረጠችው።