የሟቿ ወንበር

ደግሞ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ያውም ቀጥ ብላ፣ ያቺን ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ ያቺን የሰርግም የለቅሶም ኮቷን፣ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፣ እሱ ደግሞ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ጭልፋ እንደያዘ ደርቋል፣ አይደለችም፣ ናት፣ አይደለችም፣ ናት እንጂ፣ እንዲያ አገጯን ቀና አድርጋ ሰው የምትገላምጥ ሌላ ማን አለ። እናቱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አርባ እንግዳ ተቀምጧል፣ የእሁድ ምሳ ነው፣ ሾርባው ሊወጣ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማይኩን ይዞ ይወጣና እንደ ወትሮው እናቱን ይገድላታል።

ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ሞታለች፣ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። በመጀመሪያው ሳህን፣ በምስር ሾርባው፣ ደሃ ናት፣ የመጨረሻዋን እፍኝ ምስር ቀቅላ ለልጇ ትሰጥና እኔ በልቻለሁ ትላለች፣ በሁለተኛው ሳህን ትታመማለች፣ ከጣፋጩ በፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ቫዮሊኑ ይገባል፣ ትሞታለች፣ ያው ሾርባ በትንሽ ስኒ ተመልሶ ይመጣል፣ እንግዳው እያለቀሰ ተራ በተራ ተነስቶ ከስኒው አንድ ማንኪያ በሟቿ ሳህን ላይ ያፈሳል። ሰው የሚመጣው ለሾርባው አይደለም፣ ሾርባማ የትም አለ፣ የሚመጣው ሊያለቅስ ነው፣ አልቅሶ ይርበዋል፣ ርቦት ይጣፍጠዋል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው ይባል የለ፣ የሞተች እናትማ ጨው እንኳ አታበዛም።

የእሷ ሾርባ። ኧረ የምን ሾርባ። ሴትየዋ ውሃ ስታፈላ ታሳርር ነበር። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣ በረኪና በረኪና እየሸተተች ትገባለች፣ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ትወረውራለች፣ ብላ፣ ምን ታየኛለህ፣ ብላ። ሾርባው የቤት አከራያቸው ነው፣ እሷ እንኳ በእውነት ሞታለች፣ ለእሷ ግን ቫዮሊን የመታላት የለም። አንድ ቀን የእናቱን እጅ ሊይዝ ሲል መነጨቀችው፣ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ወደዚያ ሂድ አለችው። አንተን ከምወልድ ድንጋይ ብወልድ ለቤት መሠረት ይሆነኝ ነበር። ይሄን ለእንግዳ ይንገር? ይሄን ሰምቶ ማን ሁለተኛ ሳህን ይበላል። ስለዚህ ገደላት፣ የሞተችው ትሻላለች፣ የሞተችው ፀጉሩን ትዳብሰዋለች። ለቋሚዋ ደግሞ በስልክ፣ ፋብሪካ ውስጥ ድስት አጣቢ ነኝ ብሏታል፣ ስድስት ዓመት አላያትም፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ።

ሼፍ፣ ሼፍ። ቁንዶ ናት፣ አጭሯ አስተናጋጅ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ሆና የምታቃጥል፣ መጋረጃውን ገልጣ ገብታለች። ኧረ አንድ ሴትዮ መጥተዋል፣ እናቱ ነኝ ይላሉ። የማን እናት? ያንተ። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ እዚህ በልታ፣ ልጅሽ ስለ አንቺ ሲያወራ ቤቱ በሙሉ ሲያለቅስ ዋለ አለችኝ፣ ሌላውን ግን አልነግርሽም፣ ሄደሽ ስሚው አለችኝ፣ ነው የሚሉት። ሄደሽ ስሚው። ያቺ ፀጉር ሠሪ፣ ያቺ ማር የተቀባች መርዝ። ምን ልበላቸው ሼፍ? እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ አንቺ ራስሽ በየእሁዱ ስትነፋረቂ አልነበር፣ ብቸኛ አሮጊት ናት፣ እንዲህ የሚያደርጋቸው አሉ፣ አስቀምጫትና ሾርባ ስጫት። አንጀቴን በሉኝ ትላለች ቁንዶ። ይብሉሽ፣ ሂጂ።

መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ ያደርጋል። ጉድ ፈላ። በሩ ላይ የለችም። መሀል ቤት ነጭ ጨርቅ የለበሰች ጠረጴዛ አለች፣ አንድ ባዶ ሳህን፣ አበባ፣ ፎቶ፣ ማንም የማይቀመጥባት የሟቿ ወንበር፣ እናቱ እዚያች ላይ ተቀምጣ ፎቶውን ታያለች። የራሷን ፎቶ። የሠላሳ ዓመት ሴት ሆና ሰው ሰርግ ላይ የተነሳችውን፣ አጠገቧ የነበረችውን አክስቱን በመቀስ ቆርጦ ጥሏታል። ፈገግ ትላለች። ልጇ ቦታ የያዘላት መስሏታል። ከላይ ሁለት ጥርስ የላትም፣ መቼ ወለቁ፣ ስትስቅ ነው ስታፍር በእጇ አፏን የምትሸፍነው፣ ተነሽ፣ ተነሽ እባክሽ።

አንዷ እንግዳ ክንዷን ነካ ታደርጋታለች፣ እማማ ይነሱ፣ የሟች ወንበር ነው። የማን አልሽኝ? የሼፉ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፎቶዋ ይቺውና፣ ምግቡ ሁሉ የእሷ መታሰቢያ ነው። እናቱ ፎቶውን ታያለች፣ እንግዳዋን ታያለች፣ እንደገና ፎቶውን። እግሩ ቀድሞት ይወጣል። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ የተያዘ ነው፣ እዚያ በሩ ጋ ጥሩ ወንበር አለ። በዕድሜው እንዲህ አክብሮ ጠርቷት አያውቅም። ያው በረኪና ይሸታል፣ ጡረታ ወጥታም ያው። አሁን ትጮሃለች፣ አርባ ዓመት በማጠቢያ ማሽን ላይ ስትጮህ የኖረች ሴት፣ ድንጋይ ብወልድ ትላለች፣ እንጀራዬን በአንድ አፍ ትዘጋዋለች። አትጮህም። ጠረጴዛውን ተደግፋ ትነሳለች፣ የተጨማደደውን ጨርቅ በመዳፏ ታቃናለች፣ ሄዳ በሩ ጋ ቁጭ ትላለች።

አሁንም ይችላል። ዛሬ ባትሞትስ። ሁለተኛው ሳህን ላይ ትዳን፣ ተነስታ ልጇን ትይ፣ ሰው ቅር ቢለው ይበለው። ከኋላ እትዬ ጭብጨባ እጇን አጣምራ ቆማለች፣ የቤቱ ባለቤት፣ ስሙን ያወጣላት ሠራተኛው ነው፣ ምግብ አትቀምስም፣ የምትቀምሰው ጭብጨባ ነው፣ ባለፈው እሁድ ቀዝቅዟል ብላዋለች፣ እናትህ አርጅታለች፣ እስከ እሁድ ካልሞቀ ሌላ ሰው አመጣለሁ። ማይኩን ያነሳል።

ወደ በሩ አላይም ብሎ ነበር፣ ያያል፣ እያየ ይናገራል፣ ሦስት ዓመት ለባዶ ወንበር ነበር የሚያወራው፣ ዛሬ ለወንበሯ ባለቤት ነው፣ እያንዳንዷን ውሸት ቀስ አድርጎ ያጎርሳታል። ፀጉሬን ትዳብሰኝ ነበር፣ ይላል። እጇ ለስላሳ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ደስ ይለዋል፣ ብላ ምን ታየኛለህ፣ ብይ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ። ወደ ሞቷ ሲያመጣት በአንድ ትንፋሽ አይገድላትም፣ ያስላታል፣ ውሃ ያስለምናታል፣ ልጇን በስሙ ያስጠራታል፣ ቫዮሊኑ ይገባል፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ በናፕኪን ፊቱን ሸፍኖ ይንሰቀሰቃል። ሞተች። እንዲህ ጥሩ ሞታ አታውቅም።

ስኒዎቹ ይወጣሉ፣ እንግዳው ይሰለፋል፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ማንኪያ። ከሰልፉ መጨረሻ ሰማያዊ ኮት። ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ትመጣለች፣ ጠብ ሳታደርግ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ ታፈሳለች፣ ከዚያ አትሄድም፣ ወደ ሰው ትዞራለች። አሁን። አሁን ነው ውርደቱ።

እኔ አውቃታለሁ፣ ትላለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ከየት አመጣችው። ምግብ አትችልም ነበር፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ምንም አትችልም። ልጇንም አትዳብስም። በረኪናው እጇን ልጦት፣ ስንጥቅጥቅ ብሎ፣ ይደማ ነበር፣ የልጅ ፊት እንዳይነካ ብላ። አንድ ቀን ሊይዛት ሲል ገፋችው፣ እሷ ላይ ያለው መድኃኒት እንዳያቃጥለው። አፏ ክፉ ነበር፣ እሱን አልክድም። ግን በሽታ አይደለም የገደላት።

ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ወደዚያ ሂድ፣ እና እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ ደብቃ ነበር እንዴ፣ አዎ፣ በቀሚሷ ጠቅልላ። ከዚያ ወፍራሙ ሰውዬ ማጨብጨብ ይጀምራል፣ ሌላውም፣ ሁሉም ይነሳል፣ ወንበር ይወድቃል፣ እሰይ፣ እንዴት ያለች ተዋናይ ናት፣ እንዴት አስመሰለችው ይላሉ፣ አበባ የሚሰጣትም አለ። እናቱ አበባውን ይዛ ግራ ገብቷት ትቆማለች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ በሩን ራሷ ከፍታ ትወጣለች። እትዬ ጭብጨባ ክንዱን ጨምድዳዋለች፣ አንተ ሰይጣን፣ ከየት አገኘሃት፣ እዚህ ቤት እንዲህ ተጨብጭቦ አያውቅም፣ በየእሁዱ ትምጣ፣ ሮጠህ ያዛት፣ ካመለጠችህ አንተም አትመለስ።

ይሮጣል። ፌርማታው ላይ ናት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ኮቷን አላወለቀችም። እጇን ይያዝ፣ ስንጥቁን ይይ፣ እማዬ ይበላት፣ አላወቅኩም ይበላት፣ ጉሮሮው ላይ መጥቷል፣ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። እማዬ፣ ይላታል፣ እሁድ ስትመጪ ትንሽ ጮክ በይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙሽም።

ታየዋለች። ብዙ ታየዋለች። አውቶቡሱ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ታወጣለች፣ ልጅ ነበረኝ፣ ትላለች፣ ለእሱ አይደለም፣ ለሹፌሩም አይደለም፣ ልጅ ነበረኝ። በሩ ይዘጋል። እሱ አስፋልቱ ላይ ሽርጡን እንደታጠቀ ይቀራል፣ አፉ ግን እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ልጅ ነበረኝ፣ ቀስ ተብሎ፣ ልጅ፣ ነበረኝ፣ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው፣ እሷ ባትመጣም ሌላ አሮጊት ትለዋለች፣ ከሾርባው በፊት፣ መብራቱ ሳይበራ፣ በዚህ ይጀመራል።