የመምህርት የወይንሐረግ የተራራ ፈተና

መምህርት የወይንሐረግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ስታስተምር የሂማላያን ተራሮች በጠመኔ ስትስል ኖራለች። በሃምሳ አራት ዓመቷ ግን በእግሯ ልትረግጣቸው ቆርጣ ተነሳች። የድሮ ተማሪዋ ኤርምያስ ተራራ አስጎብኚ ሆኖ፣ በመጪው ሚያዝያ ዘጠኝ ሰው ይዞ ኔፓል ሊሄድ መሆኑን ሰማችና የዚያኑ ዕለት ደወለችለት።

«ቲቸር፣ መንገዱ እንኳን ያን ያህል አይከብድም» አላት። «ግን በቀን ስድስት ሰዓት፣ አሥር ቀን ሙሉ መሄድ አለ። ከፍታው አራት ሺህ ሜትር ያልፋል። ሳልፈትን ማንንም አልወስድም።»

«እኔንም?»

«እርስዎንማ በተለይ!»

በታኅሣሥ 2008 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኤርምያስ ሱሉልታ መጣ። የወይንሐረግ የምትኖረው ኦቦ ቀጄላ በሚባሉ ገበሬ ግቢ ተከራይታ ነው። ኤርምያስ በረንዳው ላይ አስቀምጧት የልብ ምቷን ቆጠረ፣ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቃት፣ የሐኪም ወረቀቷን አገላብጦ አየ። ከዚያ ሰባት ኪሎ ሸክም በጀርባዋ አሳዝሎ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት አስያዛት።

«ሲወጡ ያውሩኝ» አላት። «ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው።»

ወሬ ለእሷ ከማስተማር የቀለለ ነው። የኔፓልን ወንዞች ከነገባሮቻቸው ስትዘረዝርለት አፋፉ ላይ ደረሱ። እዚያ ተቀምጠው ሳለ ኤርምያስ ስለ ከፍታ ሕመም ነገራት። ጎበዝ ሰነፍ ብሎ አይመርጥም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መንገዳገድ ከመጣ መቆም፣ ካልተሻለም መውረድ ነው። እሷም እንደ ተማሪ በማስታወሻዋ ጻፈች።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ቀኝ ጉልበቷን እንደ መርፌ ወጋት። ለኤርምያስ ሳትነግር መውረዷን ቀጠለች።

«እስካሁን ድንቅ ነዎት» አላት ኤርምያስ ሲለያዩ። «ዋናው ፈተና ግን ነገ፣ በደከመ እግር ነው።»

እሑድ ጠዋት ወደ ጫንጮ ሊሳፈሩ ሲወጡ ኦቦ ቀጄላ ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ጠበቋቸው።

«እኔም አለሁበት። ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ባርሲስቱዬን ብቻዋን አልሰድም» አሉ። በኦሮምኛ «መምህርቴ» ማለታቸው ነው።

ሦስቱም በሚኒባስ ጫንጮ ደርሰው፣ ከከተማዋ ወጣ ያለ ተራራ ላይ ወጥተው ሲመለሱ አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ቆመዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ያካተተውን ማስተር ፕላን ተቃውመው ነው። ኦቦ ቀጄላ ጠጋ ብለው ከልጆቹ ጋር በኦሮምኛ ተነጋግረው ተመለሱ።

«ዛሬ መኪና የለም። መሬታችን አይነካ ነው የሚሉት፤ እውነታቸውን ነው። እኛ በእርሻው በኩል በእግራችን እንሂድ።»

የጎማ ጭስ በስተግራ እየታያቸው በታጨደ ማሳ ውስጥ ተጓዙ። ኤርምያስ ሳይመሽ ሱሉልታ ለመግባት ከፊት ሆኖ ይሮጣል ማለት ይቀላል። የወይንሐረግ ጥርሷን ነክሳ ትከተለዋለች። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄዱ አንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር ደረሱ። የወይንሐረግ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«ኤርምያስ፣ ጉልበቴን አሞኛል።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«ትናንት።»

«ትናንት!» ፊቱ ተለዋወጠ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ጥለኸኝ እንዳትሄድ ፈርቼ ነዋ!»

«ቲቸር፣ አራት ሺህ ሜትር ላይ እኔን የሚያስፈራኝ ጉልበቱ የታመመ ሰው አይደለም። ደህና ነኝ እያለ የሚዋሸኝ ሰው ነው።»

የወይንሐረግ አንገቷን ደፋች። ተማሪዋ ሲቆጣት የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ግን ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ።

«ያ ጫማህ አዲስ ነው እንዴ?»

ኤርምያስ እግሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«አውልቅ እስቲ።»

ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ተረከዙ ላይ በደም ተጣብቋል። ቆዳው ተልጧል። ኦቦ ቀጄላ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩና ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ።

«ፈታኙም ተፈታኙም ወደቁ! እኔን ውሰዱኝ እንግዲህ!» አሉ በቦቲያቸው መሬቱን ረገጥ ረገጥ እያደረጉ። «ለመሆኑ እዚያ ተራራ ላይ ማስተር ፕላን አልደረሰም?»

ኤርምያስም መሳቅ ጀመረ፤ የወይንሐረግም አልቻለችም። ሳቃቸው ሲበርድ እሷው ቆረጠች።

«እኔ ዛሬ ሱሉልታ አልደርስም። አንተም አትደርስም። ኦቦ ቀጄላ፣ እዚህ አካባቢ ዘመድ አለዎት?»

እህታቸው ደራርቱ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ትኖር ነበር። ቀስ እያሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ጓሮ ሆነው እግራቸውን ሲታጠቡ ከሩቅ ተኩስ ተሰማ። ሁሉም ባሉበት ቀሩ። ደራርቱ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፤ በሩን ዘግታ ወተት አቀረበች።

ማግስቱን መንገዱ ሲከፈት ኤርምያስ የፈተና ውጤቷን ወረቀት ላይ ጻፈ፤ «ልብና ሳንባ፦ በጣም ጥሩ። ጉልበት፦ ሐኪም ይየው። ውሳኔ፦ እስከ የካቲት ድረስ ይቆይ።» የወይንሐረግ ከሥሩ «አስጎብኚው ጫማውን ያለማምድ» ብላ ጨመረችበት።

ሐኪሙ ጉልበቷ ጤነኛ መሆኑን፣ የደከመው የጭኗ ጡንቻ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ስትል ኦቦ ቀጄላ ይቆጥሩላታል፤ አንዳንዴም ሆን ብለው ይሳሳታሉ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። እሳቸው ግን «ሲውል ሲያድር እናያለን» አሉ።

የካቲት ላይ ሰበታ ሄደው ወጨጫ ተራራ ላይ ዳግመኛ ተፈተነች። ሦስተኛው ሰዓት ላይ «ቆይ ልረፍ» አለች፤ አረፈች፤ በምርኩዝ ተደግፋ ወረደች። ኤርምያስ እዚያው ቁጭ ብሎ ስሟን ከተጓዦቹ ጋር ጻፈ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የኦቦ ቀጄላ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የወይንሐረግ ነበረች፣ ከኔፓል አንድ መንደር፤ ራሷን ስላመማት ኤርምያስ አንድ ቀን አሳርፏት፣ አሁን ተሽሏታል።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ፊት ለፊቴ በረዶ ነው። ከሥሩ ደግሞ ምን እንዳለ ያውቃሉ? የገብስ ማሳ!»

«ገብስ? እዚያ ላይ?» አሉ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። «ዛላው ባለ ስንት ረድፍ ነው?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ? ሂጂና ቁጠሪልኝ፤ ስልኩን አልዘጋም።»

የወይንሐረግ እየሳቀች፣ ምርኩዟን ይዛ ወደ ማሳው ወረደች።