በሙሉ ድምፅ ያልተወሰነው ውሳኔ

ጸሐፊዋ በክልሉ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ኖራለች። ስብሰባ አልቆ ሰው በር ላይ ቆሞ ክርክሩን እንደገና ሲጀምር ደብተሯን ጥርቅም አድርጋ «አራት ነጥብ» ስለምትል፣ ትልቁም ትንሹም «እትዬ አራት ነጥብ» ይላት ነበር። ለምዳዋለች። እንዲያውም በስሟ የሚጠራት ሰው ሲመጣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የያዘ ይመስላታል።

ሥራ ያስገባት ታላቅ ወንድሟ ነው። ያኔ ሊቀመንበር ነበር፤ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ነው ጡረታ የወጣው። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁለቱ የእሱን ዱካ ከመከተል በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠሩም። ከዚያ ፓርቲው ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጫ ተሸነፈ። ሽንፈቱም የዋዛ አልነበረም፤ ሌላው ይቅርና የጽሕፈት ቤቱ ጎረቤቶች እንኳ ፊታቸውን አዞሩበት።

ከሽንፈቱ በኋላ የተመረጠችው ሊቀመንበር በጤና ጣቢያ አሥራ አምስት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ቁስል ሳይታጠብ መታሰሩን አትወድም። ለጉባኤው የፓርቲውን ያለፈ ሥራ የሚመረምር ሪፖርት ይዘጋጅ አለች። ኮሚቴው ሁለት ወር ደክሞ ባመጣው ረቂቅ ውስጥ «አንዳንድ ስህተቶች ተፈጽመዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰባት ቦታ ላይ ነበር። ነርሷ ሰባቱንም በእርሳስ አሰመረችባቸው፤ ከዚያ ጸሐፊዋን አስጠራች።

«እትዬ፣ እነዚህን ስህተቶች የፈጸማቸው ማነው? በራሳቸው ጊዜ ነው የመጡት?» አለቻት።

ከሁሉም አስቀድማ የፈለገችው የመምህሩን ጉዳይ ነበር። የመምህሩን ጉዳይ በከተማው የማያውቅ የለም። ርእሰ መምህርና የፓርቲው አባል ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ፓርቲው «አስተማሪ የሚቀጠረው ከአባላት ብቻ ይሁን» ሲል፣ እሱ ወላጆች በተሰበሰቡበት ተነሥቶ ይህ ልጆቹን መበደል ነው አለ። ሳምንት ሳይሞላ ማዕከላዊ ኮሚቴው «ለተቃዋሚዎች መረጃ የሚያቀብል» ብሎ አባረረው። ሥራውም ሄደ፣ በሥራው ያገኘው ቤትም ሄደ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል፤ ከሥሩ አሥራ አንድ ፊርማ አለ። አንዱ ፊርማ የኮሚቴው አባል የነበረ የአንድ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊው የመምህሩ አብሮ አደግ ነበር፤ መምህሩ ሲያገባም ሚዜው እሱ ነበር። ውሳኔው ከተለጠፈ ጀምሮ መምህሩ በልብስ ሰፊው ሱቅ በኩል አልፎ አያውቅም።

ጸሐፊዋ ፋይሉን አውጥታ ለነርሷ ሰጠቻት። ያልሰጠቻት ደግሞ አለ። የስብሰባ ረቂቅ ማስታወሻ፣ ንጹሑ ግልባጭ ከተፈረመ በኋላ ይቃጠል ነበር። መምህሩ የተባረረበትን ቀን ደብተር ግን፣ ምክንያቱ ለራሷም ሳይገባት፣ ከሻንጣዋ ግርጌ አስቀምጣዋለች። እዚያ ላይ በራሷ እጅ «ድጋፍ ስምንት፣ ተቃውሞ ሁለት፣ ድምፀ ተአቅቦ አንድ» ብላ ጽፋለች። ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ልብስ ሰፊው ነው። ሌላው ዛሬ በሕይወት የለም። «በሙሉ ድምፅ ብለሽ ጻፊው፤ ለሕዝቡ የተከፋፈልን አንምሰል» ብሎ ያዘዛት ወንድሟ ነበር።

ሦስት ቀን ምግብ አልበላ፣ ሥራ አልያዝ አላት። በአራተኛው ቀን ወንድሟ ቤት ሄደች። እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

«ጋሼ፣ የመምህሩን ስብሰባ ደብተር ለጉባኤው ልሰጥ ነው» አለችው።

ጋዜጣውን አጠፈ። «አቃጥለሽው የለም እንዴ?»

«አላቃጠልኩትም።»

«ስሜን ልታነሺ ነዋ።»

«የኔንም ጭምር። ያዘዝከው አንተ ብትሆንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ጊዜው ምን ዓይነት እንደነበር ዘርዝሮ ነገራት። ያን ቀን ልዩነት ቢታይ ፓርቲው ሁለት ቦታ ይሰነጠቅ እንደነበር፣ እሷንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃት እሱ እንደሆነ አስታወሳት። አልተቆጣም። ግን ሌላ ጊዜ እያነከሰም ቢሆን እስከ በር ይሸኛት የነበረው ሰው ያን ዕለት ከወንበሩ አልተነሣም።

መምህሩ ነገሩን አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው መሀል እንዲሰማው ሕሊናዋ አልፈቀደላትም። ደብተርና እስክሪብቶ ወደሚሸጥባት ጠባብ ሱቁ ሄደች። እንደ ማንኛውም ገበያተኛ «ምን ልስጥዎት?» አላት። ሁሉንም ነገረችው። እየሰማ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን የእርሳስ ፓኮዎች አንድ በአንድ ያስተካክል ነበር። ስለ ሥራውም ስለ ቤቱም አንድ ነገር አልጠየቃትም።

«እሱስ?» አለ በመጨረሻ።

ልብስ ሰፊውን ማለቱ እንደሆነ ገባት። «እጁን ያነሣው ለተቃውሞ ነው።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ ስቀይር ኖርኩ» አለ። «እርስዎ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያዩኝ።»

ይቅርታ ልትል ቃሉን ከቤት አዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ ያን ሁሉ ትታ «ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አለችው። እሱም «ሰምቻለሁ» አለ እንጂ ይቅር ብያለሁ አላለም።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደች። እውነቱ ሲወጣ ደስ ይለዋል ብላ ነበር። እሱ ግን መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ ግማሹን ብቻ ነው የምታወሪው» አላት። «እጄን ለተቃውሞ አነሣሁ። በማግስቱ ንጹሑን ስታመጪልኝ በዚያው እጄ ፈረምኩ። ታዲያ ምን ብዬ ወደ እሱ ልሂድ? የሚነበብ ከሆነ ይኸኛውም ይነበብ።»

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ነርሷ የስህተቶቹን ዝርዝር ከነፈጻሚዎቹ አነበበች፤ የመምህሩ ጉዳይ ሲደርስ ጸሐፊዋ ደብተሩን ይዛ ወጣች። የጻፈችውን፣ የለወጠችውንና ለምን እንደለወጠች ተናገረች። የልብስ ሰፊውንም ቃል እንደወረደ ጨመረችው። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ የቆሸሸ ልብሳችንን አደባባይ ለምን እናሰጣለን ብለው ከጉባኤው ረግጠው የወጡም ነበሩ።

ወንድሟ ከኋላ ተቀምጦ እንደነበር ያየችው እጁን ሲያወጣ ነው። ዕድል ተሰጠውና ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ያሠራውን መንገድ ጠራ፣ ጠላቶቹን ጠራ፣ ዘመኑን ወቀሰ። ሰው ሰዓቱን ማየት ጀመረ፤ ነርሷ ግን አላቋረጠችውም። የሚለው ሲያልቅበት ምርኩዙን ተደገፈ።

«ጻፊ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለ። «ሰውየው መረጃ አቀባይ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።» ተቀመጠ። ያጨበጨበ የለም።

ጉባኤው ቃለ ጉባኤው እንዲታረምና የመምህሩ ክስ እንዲሰረዝ ወሰነ። ከእንግዲህ ማንኛውም አባል ቃለ ጉባኤ ጠይቆ ማንበብ እንዲችል፣ ድምፅም ከነልዩነቱ እንዲመዘገብ በደንቡ ውስጥ ገባ። ይህን ደንብ ራሱን የተቃወሙ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ጸሐፊዋ አሥራ አራቱንም ጻፈች።

በቀጣዩ ምርጫ ፓርቲው አላሸነፈም፤ ከነበረው ላይ ሦስት ወንበር ብቻ ጨመረ። ነርሷ ግን በበሩ የሚገባው ሰው ዓይነት ተለወጠ ትላለች፤ ሥራ ፈላጊው ቀንሶ ጠያቂው በዝቷል። ወንድምና እህት አምስት ወር ተኮራረፉ። አንድ እሑድ ጉልበቱ አብጦ ተጠራች፤ ሄዳ አሸችለት፤ ስለ ጉባኤው ግን አንድም ቃል አልተነሣም።

መምህሩ አባልነቱ ሲመለስለት አመስግኖ አልቀበልም አለ። የጠየቀው የታረመውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ፣ ማኅተም ያለበትን ነው። ጸሐፊዋ ራሷ ወሰደችለት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ሱቁን በቀን ቆለፈና ወረቀቱን እንደያዘ በልብስ ሰፊው በኩል ባለው መንገድ ሄደ። ልብስ ሰፊው ከርቀት አይቶት ሥራውን አቁሞ በሩ ላይ ወጣ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። የስፌት መኪናው ግን ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ አልተሰማም።