ከዋናው ጋር ተገናዝቧል

በሐምሌ ወር ከቀትር በኋላ ሰመራ ላይ ውጭ የሚታይ ሰው የለም። ውሻው ሁሉ ከቆመ ከባድ መኪና ሥር ገብቶ ምላሱን ያንጠለጥላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የደጋ ሰው ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ ይሸሻል፤ የፊዚክስ አስተማሪው እንድሪያስ ግን እዚያው ቀረ። ለምን ቀረህ ሲሉት "ሙቀቱ ወዶኝ" ይላል። ዋሽቷል፤ ያስቀረው ጨዋታ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ፀጉሩ ከፊት መሸሽ የጀመረ ሰው ለጨዋታ ብሎ በዚያ እሳት ውስጥ መቀመጡ ያስቃል፤ ባልደረቦቹም አልማሩትም።

ጨዋታውን ያመጣው አማን ነው። አማን የሎጊያ ልጅ ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል። የጨዋታውን መመሪያ መጽሐፍ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ አትሞ፣ በራሱ አማርኛ መልሶታል። ጨዋታው ሰሌዳም ጠጠርም የለውም። አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ያወራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ከሐሳባቸው ፈጥረው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፤ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን በእጅ የሚጣለው ዳይስ ይፈርዳል። ዘመኑ ከእኛ በጣም የራቀ ነው። ሰው በከዋክብት መካከል መመላለስ ጀምሯል፤ እዚያም ሄዶ ግን መዋጋቱን አልተወም። በዚያ ጦርነት የሚዋጉት ወታደሮች ከእናት አይወለዱም። ከአንድ ጎበዝ ወታደር ገላ ቅንጣት ይወሰድና፣ እሱኑ ቁርጥ የሚመስሉ ሺህ ሰዎች በማሽን ይሠራሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ስም ያወጣችላቸው ሠርካዲስ ናት። ሠርካዲስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ቀልዷም ቁጣዋም ከወረቀት አይርቅም። አማን "ክሎን" የሚለውን በአማርኛ ምን እንደሚለው ሲጨነቅ አይታ፣

"ግልባጭ በለውና ተገላገል፤ እኔ ዕድሜ ልኬን የማገላብጠው እሱኑ አይደል" አለችው። ስሙ በዚያው ጸና።

በዚያ ዓርብ አማን ቤት የተሰበሰቡት ለእንድሪያስ አዲስ ሰው ሊፈጥሩለት ነበር፤ የድሮው ሰውዬው ባለፈው ጨዋታ ሞቶበታል። አየር ማቀዝቀዣው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ይሠራል። በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ እንግዳም ነበር፤ የእንድሪያስ መንትያ ደግነት። ወታደር ነው። ካምፑ ከአዋሽ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ በአጭር ፈቃድ ወንድሙን ሊጠይቅ ብሎ መጥቷል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ትንሽ ይጨንቀዋል። ፀጉራቸው እንኳ የሸሸው በአንድ ልክ ነው።

"ግልባጭ ወታደር እፈጥራለሁ" አለ እንድሪያስ።

"ምን ትደክማለህ" አለች ሠርካዲስ ወደ በሩ እያየች፣ "ተፈጥሮ መጥቶልህ የለም እንዴ!"

ሁሉም ሳቁ። ደግነትም ሳቀ፤ ነገር ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ።

"እሺ፣ ሦስት ጥያቄ አለ" አለ አማን ወረቀቱን እየገለጠ። "አንደኛ፣ ዋናው ማነው?"

"ዋናው ጀግና ወታደር ነው። ብዙ ጦርነት ያየ፤ የደከመው።"

"ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሲገለብጠው የሳተው ነገር ምንድነው? አንድ ምልክት ይኖረዋል፤ ከሺሁ የሚለይበት።"

እንድሪያስ አላሰበበትም። ግራ እጁን አነሣ። "ግራኝ ነው።"

ይህ ለሌሎቹ ምንም አልነበረም፤ ለወንድማማቾቹ ግን ነበር። አባታቸው አቶ ውብሸት ግራኝ ልጅ ማየት አይወዱም ነበር። ልጆቹን መለየት ስለማይችሉ አለንጋቸውን ይዘው "ግራኙ የትኛው ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ያኔ እንድሪያስ እጁን ከኋላው ሲሸሽግ፣ ቀኝ የሆነው ደግነት ግራ እጁን ያወጣል። ይገረፋል። አንድ ቀን አይደለም፤ በልጅነታቸው ሁሉ። እንድሪያስ ይህን ለማንም አውርቶ አያውቅም።

"ሦስተኛው የሚጣፍጠው ነው" አለ አማን። "ግልባጩ ስለ ራሱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ይህን ባለቤቱ አይመርጥም፤ ሌላ ሰው መርጦ ለዳኛው በጆሮ ይነግረዋል። ዳኛው በልቡ ይይዛል። ግልባጩ ራሱ እስኪደርስበት ድረስ አይነገረውም። ሠርኬ ትምረጥ?"

"እኔ ልምረጥ" አለ ደግነት።

ተነሥቶ መጣና አማን ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ። ያለው ነገር ረጅም አልነበረም። አማን መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የደግነትን ፊት አየና ፈገግታው ጠፋ።

"ወላሂ ይሄ ከባድ ነው" አለ። "እሺ፣ ይዣለሁ።"

ሠርካዲስ በበኩሏ ብዕሯን አንሥታ ከእንድሪያስ ወረቀት ግርጌ ማኅተም የሚመስል ክብ ሣለች፤ በክቡ ውስጥም "ከዋናው ጋር ተገናዝቧል" ብላ ጻፈችበት። "አሁን ሕጋዊ ሆንክ" አለችው። "የኛን ቤት ሕግ ልንገርህ፤ ዋናው የጠፋ እንደሆነ ግልባጩ እንደ ዋና ይቆጠራል።"

አመሻሽ ላይ ወንድማማቾቹ አስፋልቱን ይዘው ወጡ። ወደ ጂቡቲ የሚወርዱ መኪኖች አቧራ እያለበሷቸው ያልፋሉ። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ደግነት ነገሩን አወጣው።

"አለሚቱ ቀኗ ደርሷል" አለ። አለሚቱ ሚስቱ ናት፤ መልካ ወረር በጥጥ እርሻው ሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ትኖራለች። "የሰጡኝ ፈቃድ ነገ ያልቃል። ከዚህ በፊት ስትወልድ አልነበርኩም፤ ልጁ እንዴት እንደሞተ እንኳ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ይኸኛውንስ?"

"ፈቃዱን አያራዝሙልህም?"

"አያራዝሙም። አንድ ሳምንት ብቻ በእኔ ቦታ ካምፕ ግባልኝ፣ እንድሪያስ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሥራው በር ላይ መቆም ነው፤ ከዚያ ካርታ መጫወት። ያለሁበት ጓድ አዲስ ነው፤ በደንብ የሚያውቀኝ የለም።"

እንድሪያስ ሊስቅ ሞከረ። ወንድሙ ግን አልሳቀም፤ ስለ አባታቸው አለንጋም አላነሣም። አንዲት ቃል ቢያነሣ ኖሮ እንድሪያስ ሊቆጣ፣ ሊከራከር ይችል ነበር። አለማንሣቱ ነው ያሸነፈው።

"ቢነቃብኝስ?"

"ቀኝ እጅህን አትርሳ እንጂ አይነቃብህም" አለ ደግነት።

በማግስቱ ልብስ ተቀያየሩ፤ መታወቂያም ተለዋወጡ። ደግነት የወንድሙን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲታይ እንድሪያስን የሆነ ነገር ቆነጠጠው፤ ራሱን ከውጭ ቆሞ የሚያይ መሰለው። በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረው ሚሌን አለፉ፣ ገዋኔን አለፉ። ተሳፋሪው ለወታደሩ ወንበር ለቀቀለት፤ አስተማሪውን አጣበቀው። ወታደር የተባለው እንድሪያስ አፈረ። ደግነት በመስኮት ወደ በረሃው ያያል።

ወደ መልካ ወረር በሚያስገባው መገንጠያ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ደግነት ወርዶ በመስኮቱ በኩል የወንድሙን ግራ እጅ ያዘ፤ ለሳምንት ለሚለያይ ሰው በጣም ቆየ።

"ሴት ከሆነች በእማዬ ስም እጠራታለሁ" አለው። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፤ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልተመለከተም።

ያኔ ነው እንድሪያስን ፍርሃት የያዘው። ፍርሃቱ በመጀመሪያ ስም አልነበረውም። እያሰበ ሲሄድ ግን የአማን ፊት ትዝ አለው፤ የጠፋው ፈገግታ። ደግነት እንዲህ ያለ ጨዋታ ወዶ አያውቅም፤ ለልጅ ጨዋታ ምን አስነሥቶት ነው ከግድግዳው ተነሥቶ የመጣው?

ካምፑ በር ሲደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። በር ላይ የሚቆምና ካርታ የሚጫወት ሰው አላየም። ኦራል የሚባሉት የጦር መኪኖች በረድፍ ቆመዋል። ድንኳን ተጠቅልሎ ይጫናል፣ የውሃ በርሜል ይጫናል፣ ሣጥን በሁለት ሰው እየተነሣ ይጫናል። ሰዎቹ አይጫወቱም፣ አይዘፍኑም። አንዱ ወታደር ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየደጋገመ ያስራል፤ ይፈታል፤ መልሶ ያስራል።

እንድሪያስ ከአንዲት ግራር ሥር ቆሞ ለወንድሙ ደወለ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም" አለው የተቀዳ የሴት ድምፅ። እንደገና ደወለ፤ ያችው ሴትዮ ያንኑ አለችው። ከዚያ ለአማን ደወለ።

"አማን፣ ደግነት በጆሮህ ምን ነበር ያለህ?"

"ኧረ ተው፣ ሕጉን ታውቃለህ። ግልባጩ ራሱ—"

"ደርሼበታለሁ። ራሴ ደርሼበታለሁ። ንገረኝ።"

አማን ድምፁን ሰምቶ ቀልዱን ተወ። "ግልባጩ ያለበት ክፍል ሊዘምት ነው አለኝ። ትእዛዙ ወጥቷል፤ ዋናው ያውቃል፤ ግልባጩ ግን አያውቅም አለኝ። እኔ እኮ የታሪክ ጣፋጭነት መሰለኝ፣ ወላሂ። የት ነህ አሁን?"

እንድሪያስ ስልኩን ዘጋው። ያወቀው አንድ ነገር ነው፤ ወንድሙ አውቆ ነው የላከው። በዚያች ሰዓት ደግነትን ጠላው። ከልቡ ጠላው። ከልብሱ ተገላግሎ እርቃኑን ወደ አስፋልቱ ሊሮጥ ፈለገ።

"ደግነት!"

አልዞረም፤ ስሙን አላወቀውም። አንድ ጠቆር ያለ፣ አገጩ ላይ ጠባሳ ያለው አስር አለቃ አጠገቡ ደርሶ ትከሻውን ሲነካው ነው የባነነው። የስም መለያው "አለሙ" ይላል።

"አርፍደሃል። ያን በርሜል አንሣ።"

እንድሪያስ ጎንበስ ብሎ አነሣ። ኃይሉ ያለው በግራው ነውና በግራው አነሣ። አስር አለቃው እጁን አየ፤ ፊቱን አየ፤ መልሶ እጁን አየ።

እንድሪያስ በርሜሉን ለቀቀው። "አስር አለቃ፣ ይስሙኝ" አለ በሹክሹክታ። "እኔ ደግነት አይደለሁም። ወንድሙ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም።"

"አውቃለሁ" አለ አለሙ። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ርኅራኄም አልነበረም። "ደግነት ቀኝ ነው።"

"እና?"

"እናማ ክፍሉ ሰው ጎድሎበት መንቀሳቀስ የለበትም፤ ከጎደለ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አሁን አልጎደለም።" ወደ ኦራሎቹ ዞር አለ። "ከፈለግህ ለመቶ አለቃው ንገራቸው። ይሰሙሃል። አንድ መኪና ወደ መልካ ወረር ይልኩና ወንድምህን ከሚስቱ አጠገብ አስረው ያመጡታል። ከድቷል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ለከዳ ሰው ምን እንደሚደረግ እኔ አልነግርህም። አንተም ያለ ቅጣት የምትለቀቅ አይምሰልህ።"

ፊሽካ ተነፋ። ወታደሮቹ ከያሉበት እየሮጡ ተሰለፉ። አለሙ እንድሪያስን በክርኑ ይዞ ረድፉ ውስጥ አስገባው። ግራና ቀኙን ሲያይ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት ጫማ፣ አቧራ የሸፈነው አንድ ዓይነት ፊት ነበራቸው። ሠርካዲስ የሣለችው ማኅተም ድቅን አለበት። በዚህ ሜዳ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚገናዘብ የሚጠይቅ አልነበረም።

መቶ አለቃው ከኦራሉ መወጣጫ ላይ ቆመው ስም መጥራት ጀመሩ። የተጠራው "አቤት" ይላል፣ ቀኝ እጁን ያወጣል፣ ይጫናል። እንድሪያስ አፉን ሊከፍት አሰበ። ቃሉን አዘጋጀ፤ "አስተማሪ ነኝ" ሊል። ከዚያ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መንገዱን የተሻገረውን ሰው አሰበ፤ አሁን ደርሶ ይሆናል። ምናልባት ልጁን ታቅፎ ይሆናል። ከዚያም በሌላ ሜዳ ላይ አለንጋ ይዘው የቆሙትን ሰው አየ፤ ግራኙ የትኛው ነው? ሲሉ፣ አጠገቡ የቆመው ልጅ ሳይጠየቅ እጁን ሲያወጣ። ያ ልጅ ይፈራ ነበር። ይንቀጠቀጥ ነበር። እንድሪያስ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያወቀው ያኔውኑ ነው። አንድም ቀን "እኔ ነኝ" ብሎ አያውቅም።

ንዴቱ አልለቀቀውም፤ ወንድሙን ይቅር አላለውም። ይቅር ሳይለው ነው የቆመው።

"ደግነት ውብሸት!"

አለሙ ከጎኑ ሆኖ ወደ ፊት እያየ ይጠብቃል።

"አቤት" አለ እንድሪያስ፤ እጁንም አወጣ። ቀኙን።