ከወንዝ ወጣ የተባለው ሰይፍ

በሐምሌ የቩፐር ወንዝ ሞላ። ዳርቻውን ጥሶ ቮልክማር ቢላ ከሚሞርድበት ቤት ገባ፤ ሞተሩን አቃጠለ፣ ቀበቶዎቹን ወሰደ፣ መሞረጃ ድንጋዮቹን ሰነጠቀ። ነሐሴ ጭቃ ሲጠረግ አለቀ። በመስከረም ግድግዳው ሻገተ። በጥቅምት ደንበኞቹ ሌላ ሞራጅ አገኙ። የጎርፉ ካሳ የመጣው በኅዳር ነው። ቮልክማር ለአዲስ ሞተር የታሰበውን ገንዘብ ኢንተርኔት ላይ ላየው አንድ አሮጌ ሰይፍ ሰጠ።

አሁን ሰይፉ በኦርትሩድ ጠረጴዛ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ንኪው እንጂ» አለ ቮልክማር። «አይነክስም።»

ኦርትሩድ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እንደ እሱ ዕድሜዋን ሁሉ በጀርመኗ የቢላ ከተማ በዞሊንገን ስለት ስታወጣ የኖረች ሴት ናት። ቤቷ ኮረብታው ላይ ስለሆነ ውሃው አልደረሰባትም።

«ሻጩ ምን አለህ?»

«ከወንዝ የወጣ ነው አለኝ። ሰባት መቶ ዓመት ጭቃ ውስጥ ተኝቶ። ፎቶውን ብታዪው!»

«ፎቶ ሁሉ ያምራል። የእኔም የሠርግ ፎቶ ያምር ነበር።»

ቮልክማር አልሳቀም። ከበሩ ወደ መሞረጃው ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ በሩ ይመላለሳል። ቲልማንስ የሚባል ጣራ ሠሪ፣ የጥንት መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው፣ ሰይፉን በእጥፍ ዋጋ ሊገዛ እየመጣ ነው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦርትሩድ «እውነተኛ ነው» ትበል።

ብርድ ልብሱን ገለጠች። ዝገቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ነው። እጀታው አጠገብ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ እንደ መስተዋት ታበራለች።

«ይሄ ምንድነው?»

ቮልክማር አንገቱን አከከ። «ዝገቱን ሳየው እጄ አላርፍ አለኝ። ትንሽ ብቻ ነው የገለጥኩት።»

«የጥንት ብረት ሞረድህ?»

«አንቺስ ዝገት አይተሽ ታልፊያለሽ?»

አታልፍም። በዚያ ከተማ ዝገት አይቶ የሚያልፍ ሞራጅ የለም። ግን ሻጩ መልሶ የሚቀበለው ያልተነካ ዕቃ ብቻ ነው። የመመለሻው በር በዚያች በምታበራ ቦታ ተዘግቷል።

ሰይፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀረበች። ዓይኗን ጨፍና ስለቱን በሁለት ጣቶቿ መሐል ከእጀታው እስከ ጫፉ አሳለፈችው። የጥንቶቹ ወደ ጫፉ ያሳሱት ነበር፤ ክንድ እንዳይደክም። ይሄ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ነው። የዝገቱንም ጠርዝ በጥፍሯ ዳሰሰች። ከሽንኩርት ልጣጭ አይወፍርም፤ ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ነው። ወንዝ እንዲህ አይበላም። አንዱን ቦታ ይቦረቡራል፣ ሌላውን ይተወዋል። ተሳስታ እንደሆነ ብላ እንደገና ከእጀታው ጀመረች።

«ታዲያስ?» አለ ቮልክማር።

«ከባድ ነው።»

«የድሮ ሰዎች ጉልበተኞች ነበሩ።»

«ሞኞች ግን አልነበሩም።»

ቀረብ አላት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ አንዲት ቃል ናት። ያኔ እጅሽ ሲሰበር የበረዶውን ወራት ሙሉ ቢላሽን ማን ሞረደልሽ? ያንቺን የስም ማህተም እጀታው ላይ እየመታሁ ደንበኞችሽን ያቆየሁልሽ እኔ ነኝ። አንድም ቀን አንስቼብሽ አላውቅም።»

«አሁን አነሳኸው።»

«የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ይጨብጣል።»

ቲልማንስ ከዝናቡ ገባ፤ ባርኔጣውን አራገፈ። «ወይዘሮ ኦርትሩድ፣ እንዴት ሰነበቱ? እንግዲህ ይፍረዱ። እርስዎ ካሉ ሌላ ሰው አልጠይቅም።»

ቮልክማር ወደ እሷ ዞረ።

«አዲስ ነው» አለች። «በአሲድ እንዲዝግ ያደረጉት ነው። ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ይችላሉ፤ በጥንት ዋጋ ግን እንዳይገዙት። እሱም ሲገዛው አምኖ ነው።»

ቲልማንስ ሰይፉን አየ፣ ቮልክማርን አየ። ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

«ጎርፉ እንኳ ግድግዳውን ትቶልኝ ነበር» አለ ቮልክማር። ሰይፉን በብርድ ልብሱ ጠቀለለ። «ይሄ ነው ውለታዬ?»

ኦርትሩድ ከጥግ አንድ ከባድ ሣጥን በእግሯ እየገፋች ድንጋዩ ሥር አደረሰችው። ስለት ያልወጣላቸው የወጥ ቤት ቢላዎች ሞልተውበታል። ሽርጧን ፈትታ በአንገቱ አጠለቀችለት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሆቴሎች ያዘዙት ነው። እስከ ፋሲካ የሚያሠራ አለ። ሞተር እስክትገዛ ድንጋዩ ያንተ ነው፣ ክፍያውም።»

«አንቺስ?»

«እጀታ እገጥማለሁ።»

ቮልክማር ድንጋዩን አየው። በጣቱ ጫፍ ነካው። «ደንበኞቹ እኮ ያንቺ ናቸው። ያንቺን ስም ነው የሚያውቁት።»

«ያንተንም ይለምዳሉ» አለች፤ መዳፏንም ዘረጋች። «ማህተምህን አምጣ። እጀታው ላይ የምመታው ያንተን ነው።»