ልጓም ያልገባለት ጄኔሬተር

ወረቀቱን ያገኘችው ሰኞ ጠዋት ነው። የሆስፒታሉ የጄኔሬተር መካኒክ የዘይት ማጣሪያ መጠየቂያ ቅጽ ፍለጋ የፋይል ሳጥኑን ስታገላብጥ፣ በስሟ የተፈረመ፣ እሷ ግን በዓይኗ አይታው የማታውቅ አንድ ገጽ ወጣ። «የሁለቱም ጄኔሬተሮች የመሬት መንቀጥቀጥ መያዣዎች ተገጥመዋል» ይላል። የገጣሚው ስም በሚለው ቦታ ላይ የእሷ ስም ተጽፏል። ፊርማውም የእሷን ይመስላል፤ የመጨረሻዋ ጭራ ብቻ ወደ ላይ ተቀልብሳለች። ጭራውን እንደዚያ የሚቀለብስ አንድ ሰው ታውቃለች። የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የእናቷ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሟ።

ደሟ ፈላ። ሠራተኛው «ብሎን» ነው የሚላት፤ አንዴ ካጠበቀች አትላላም ማለታቸው ነው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

ነገሩ ሰባት ወር አስቆጥሯል። ሁለቱ ጄኔሬተሮች እያንዳንዳቸው አምስት ቶን ናቸው፤ የተቀመጡት ምድር ቤት፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ሥር ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር በተነሳ ቁጥር የላይኛው ወለል ይነዝር ነበር። ጠርሙስ ከጠረጴዛ እየተንሸራተተ ይወድቃል፤ የነርሶቹ አለቃ «ልጆቹ እንቅልፍ አጡ፣ እኛም ጥርሳችን ሊረግፍ ነው» እያለች ቢሮ ለቢሮ ዞረች። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ማሽን ስምንት ስምንት የብረት ሞላ ተገዝቶ ከሥሩ ገባ። ንዝረቱ እዚያው ሞላው ላይ ቀረ፤ ሕፃናቱም ተኙ።

ሞላ ላይ የተቀመጠ ማሽን ግን ከወለሉ ጋር አልታሰረም። በደህናው ቀን በቀስታ ከመወዛወዝ በቀር ምንም አይል፤ ምድር ከተንቀጠቀጠች ግን አምስት ቶኑ እንደ ደነበረ በሬ ይዘላል። ለዚህ ሲባል ወፍራም ብረቶች አብረው መጥተዋል። የእያንዳንዱ እግር ኮንክሪቱ ውስጥ በአራት ረጅም ብሎን ይቀበራል፤ ጎማ የለበሰው ፊታቸው ከማሽኑ አንድ ጣት ርቆ ይቆማል። በሰላም ጊዜ አይነኩትም፤ ስለማይነኩትም ንዝረት አያሻግሩም። ሊዘል ሲል ነው የሚይዙት። ሠራተኛው ልጓም ይላቸዋል።

ልጓሞቹ ከነሳጥናቸው ስቶር ቀሩ። ክፍሉ አዲስ ሴራሚክ ተነጥፎለት፣ ምረቃው ተቃርቦ፣ እንግዶች ሊመጡ ነበር። ወንድሟ «አሁን ወለሉን በድሪል አንበሳውም፤ ከምረቃው በኋላ» አለ። ምረቃው አለፈ፤ በኋላው ግን አልመጣም።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?» አለችው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እየጣለች።

አየት አደረገው። «በሩን ዝጊው።»

አልዘጋችውም።

«የቁጥጥር ሰዎች መጥተው ነበር፤ አንቺ ዕረፍት ላይ ነበርሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅጹ ባዶ ከሆነ ፈቃዳችን አይታደስም። ለደንቡ ያህል ነው። ብረቱ እንደሆነ ስቶር አለ፣ የትም አልሄደ።»

«ስቶር የተቀመጠ ልጓም የቱን ፈረስ ይይዛል?»

«ተይ እንግዲህ። አባታችን ሰባ ዓመት ሲኖር ምድር ስትንቀጠቀጥ አላየም።»

«ባለፈው ክረምት መስኮቱን ያንቀጫቀጨው ምን ነበር ታዲያ?»

«ከባድ መኪና ይሆናላ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ያ ማሽን ዘሎ ሰው ቢጨፈልቅ ወረቀቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንተ ከወንበርህ አትነቃነቅም።»

«ሟርተኛ አትሁኚ!»

«እስከ ዓርብ ካላስጀመርክ ቅዳሜ ራሴ እጀምረዋለሁ» ብላ ወጣች።

ዓርብ መጣ፣ ሄደ። ቅዳሜ ማለዳ ልጓሞቹን በጋሪ ከስቶር አወጣች። ክፍሉ ውስጥ የጄኔሬተሩ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ከሞተር ጎን ተቀምጠው ጆሯቸው ስለደነዘዘ «ጋሽ ምናልሽ» የሚባሉ ሽማግሌ። ምን ልትሠራ እንደመጣች ሁለት ጊዜ ጮኻ ነገረቻቸው። ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉና መጥረጊያ አነሱ። እሷ ወለሉን ስትበሳ እሳቸው አቧራውን ከጉድጓዱ እያወጡ፣ እሷ ብሎኑን ስትቀብር እሳቸው ብረቱን እየደገፉ፣ እስከ እኩለ ቀን የአንደኛውን ጄኔሬተር አራት ልጓም ጨረሱ። አዲሱ ሴራሚክ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ዞራ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትጀምር ድሪሉ እጇ ላይ ቀጥ አለ። ዞር ስትል ወንድሟ የነቀለውን ገመድ ይዞ ቆሟል።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«አንተ ፈርመህልኛል እኮ። ተገጥሟል ብለሃል። እኔ ያንተን ውሸት እውነት እያደረግኩልህ ነው።»

ጋሽ ምናልሽ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያሉ። ወንድሟ የተሰነጠቀውን ወለል በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «ያለ ፈቃድ የሆስፒታሉን ንብረት በማበላሸት አሥር ቀን ታግደሻል። ቁልፍሽን ወዲህ በይ።»

ቁልፉን እጁ ላይ አላስቀመጠችለትም፤ ወለሉ ላይ ወረወረችው።

ቤት ገብታም አላረፈችም። እናታቸው «ታላቅሽ ነው፣ ተሸነፊለት» ሲሏት ድስት እስኪበሳ ፈተገች። አራት ቀን ሙሉ የታያት ያ በግማሽ የቀረ ጉድጓድ ነው።

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ተኩል ላይ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ምድር ከሥሯ ሸሸች። ገመዱ ከነልብሱ ተወዛወዘ፤ የጎረቤት አጥር ተደረመሰ። እናቷን ጎትታ ሜዳ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቆም ሲል ሰፈሩ ሁሉ መብራት የለውም። በነጠላ ጫማ ሆስፒታል ድረስ ሮጠች።

ከሩቅ የአንድ ሞተር ድምፅ ሰማች። የአንድ ብቻ።

ምድር ቤቱ በናፍጣ ሽታ ታፍኗል። ልጓም የገባለት ጄኔሬተር ቦታው ላይ ቆሞ ይሠራል፤ የልጓሞቹ ጎማ ተጨፍልቋል፣ ብሎኖቹ ግን አልተነቃነቁም። ሁለተኛው ከሞላዎቹ ላይ ዘሎ ወርዷል፤ የናፍጣ ቱቦውን ቆርጦ፣ ግድግዳውን ገጭቶ ቆሟል። በግድግዳውና በማሽኑ መካከል ጋሽ ምናልሽ ተጣብቀዋል። ቱቦው ሲቆረጥ ናፍጣው ወደሚሠራው ሞተር እንዳይፈስ መዝጊያውን ሊዘጉ ከኋላ ገብተው ነበር። ዘግተውታልም። ወዲያው ምድር ዳግም ተናወጠችና ማሽኑ እግራቸው ላይ መጣ።

«ያኛውን እንዳታጠፊ» አሏት ፊታቸው አመድ መስሎ። «ልጆቹ እላይ ናቸው።»

ለእሳት ማጥፊያ ከተቀመጡት ቀይ ባልዲዎች አሸዋውን ናፍጣው ላይ ገለበጠች። ክሪኩን ከማሽኑ ሥር ስታስገባ ወንድሟ ከነከረባቱ በሩ ላይ ደረሰ።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«ዝም ብለህ ክሪኩን ንዳ። እኔ ካላልኩህ እንዳታቆም።»

ናፍጣው ውስጥ ተንበርክኮ ነዳ። እሷ ከኋላ ሆና የሽማግሌውን ብብት ይዛ፣ ማሽኑ ጣት በጣት ሲነሳ ጎትታ አወጣቻቸው። ነርሶቹ በቃሬዛ ወሰዷቸው። ላይ ካሉት አሥራ አንድ ሕፃናት አንድም አልጎደለም። የጋሽ ምናልሽ ቀኝ እግር ግን በማግሥቱ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

የዚያኑ ቀን ማታ ወንድሟ እናታቸው ቤት መጣ። «እግዜር አተረፈን» ብሎ ጀመረ።

«የቱን? አሥራ ስድስት ብሎን ነው ያተረፈህ። ግማሹን ደግሞ የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።»

«አጣሪዎች ይመጣሉ። ሁለቱም ተገጥሞ ነበር፣ የአንደኛውን ለጥገና ፈታሁት በይ። አንቺን ማንም አይነካሽም፤ እኔ አለሁ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ራሷንም አስፈራት። እናቷ እጇን ያዟት። «አንድ ማኅፀን ነው ያወጣችሁ። ለሥጋሽ እዘኚ እንጂ።»

«እማዬ፣ ያ እግርም ሥጋ ነው» አለችና እጇን አላቀቀች።

አጣሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ወረቀቱን ፊታቸው አስቀምጣ የሆነውን በተራ ነገረቻቸው፤ ሰኞውን፣ ዓርቡን፣ የተነቀለውን ገመድ። ስትጨርስ አንደኛው ወደ ወንድሟ ዞሮ ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቀው። አንገቱን እንደደፋ «የእኔ ነው» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «አሁን ረካሽ?»

«ምኑ ያረካል? ቅዳሜ ያንን ገመድ ባትነቅል ሁለተኛውን ሳይመሽ እጨርሰው ነበር። ሳይመሽ!» ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው፤ ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች ዞረው አዩአቸው።

ወንድሟ ከሥራው ተነሳ፤ በፊርማው ጉዳይ ተከሶ ቀጠሮ እየተመላለሰ ነው። እናቷ ሁለት ወር አኮረፏት፤ ከዚያ በኋላም ሲያናግሯት ፊታቸውን አዙረው ነው። እሷ እገዳዋ ተነስቶላት ሁለተኛውን ጄኔሬተር ከወደቀበት አስነስታ፣ ሞላዎቹን በአዲስ ቀይራ፣ አራቱን ልጓም በገዛ እጇ ገጠመች፤ የቁጥጥር ሰዎቹንም ጠርታ እያንዳንዱን ብሎን በእጃቸው አስነካቻቸው። ጋሽ ምናልሽን በየሳምንቱ ትጠይቃቸዋለች። ክራንቹን ተለማምደዋል፤ «አትናደጂ፣ ልጄ፣ ልጆቹ ተርፈዋል» ይሏታል። እሺ ትላለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ጥርሷን እንደነከሰች ነው።