የጁምዓ ሰዓት ውሃ

ኑራን ባሏ ሲሞት የገባችበትን የሐዘን ጊዜ፣ ኢዳዋን ጨርሳ፣ አራት ወር ከአስር ቀን ከተቀመጠችበት ጓዳ በወጣችበት ማለዳ የእንጀራ ልጆቿ ሻል ይዘውላት መጡ።

ጥሩ ሻል ነበር። ቡናማ ሱፍ፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተጠለፈ፣ ከሙልታን ከተማ የመጣ። ታላቁ ሙራድ በሁለት እጁ ዘርግቶት ቆመ፤ ታናሹ ሸፊቅ ከኋላው ሆኖ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ኑራን ነገሩ ወዲያው ገባት። በዚያ አካባቢ ወንዶች ለሴት ወራሽ ሻል የሚያለብሱት በርዷት አይደለም። ሻሉን የተከናነበች ሴት የመሬት ድርሻዋን ይቅር አለች ማለት ነው፤ የአውራ ጣት አሻራው ኋላ የሚመጣ ወግ ነው።

«ማሲ፣ ብርዱ ገባ እኮ» አለ ሙራድ። ማሲ ማለት አክስት ነው። እናቱ ሞታ ኑራን በእግሯ ስትገባ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ እማ ላለማለት የመረጠው ስም ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

«ብርዱማ ገባ። እዚያ አልጋው ላይ አስቀምጠው።»

«ልበሺው እንጂ!»

«እጄ ሊጥ ነው።»

እጇ ላይ ሊጥ አልነበረም። ሙራድ አየ፣ ሸፊቅም አየ። ሻሉን የገመድ አልጋው ላይ ጥለውት ወጡ።

ማክሰኞ ፓትዋሪው ይመጣል። የመንደሩን መሬት የሚመዘግበው እሱ ነው፤ ሟቹ ባሏ ሐይደር የተወውን ሃያ አራት ኪላ መሬት በወራሾቹ ስም ሊያዞር ነው፤ አንድ ኪላ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ ነው፤ ሦስት ኪላ። ሦስት ኪላ ሀብታም አያደርግም፤ ግን ስንዴ ዘርታ፣ አንድ ጎሽ አስራ፣ ማንንም ሳትለማመጥ ታድርበታለች። ያለዚያ የሚጠብቃት ከበረቱ አጠገብ ያለችው ክፍልና የሙራድ ሚስት የምትሰፍርላት ቂጣ ነው። ኑራን የሙራድን ሚስት ታውቃታለች። ቂጣውን አትከለክልም፤ ግን ጮክ ብላ ቆጥራ ነው የምትሰጠው።

ልጆቹም ቢሆኑ የጨነቃቸው በከንቱ አልነበረም። ኑራን አልወለደችም። ነገ ብትሞት ሦስቱ ኪላ ለወንድሟ ልጆች፣ ለሌላ መንደር ሰዎች ይሄዳል። ሙራድ ይህን ሲያስብ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

ሰኞ ዕለት ሰኪናን ላኩባት። ሰኪና የልጆቹ እህት ናት፤ እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረችና ኑራንን እማ የምትላት እሷ ብቻ ናት። ከባሏ መንደር በጋሪ መጣች፤ የእሷን ሻል ለብሳዋለች።

«አንቺም አለበሱሽ?» አለች ኑራን።

«ምን ላድርግ እማ? ባሌ አንድ ቀን ቢያባርረኝ የማን ደጅ ልሂድ? መሬት የወሰደች እህት ወንድሟን ቀበረች ይባል የለ?»

«መሬት ያላት ሴት የማንም ደጅ አትሄድም። ይልቅ ማን ላከሽ?»

ሰኪና አቀረቀረች። «ሙራድ። እማን አንቺ ለምኛት፣ ያንቺን ቃል አትገፋም አለኝ።»

«እውነቱን ነው፤ ያንቺን ቃል አልገፋም። ስለዚህ ቃሉን ሳትናገሪ ሻይሽን ጠጪ።»

ሰኪና ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ኑራን ከዚህ በላይ አልተናገረቻትም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ በልጅቱ ላይ አንድ ምሳር መጨመር አልፈለገችም።

ማክሰኞ መንደሩ በእንጆሪው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ፓትዋሪው የጨርቅ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሳያይ ጠየቀ።

«የሐይደር ሚስት፣ ድርሻሽ ሦስት ኪላ ነው። ለልጆችሽ ይቅር ብለሻል፣ አይደለም?» ብዕሩ አስቀድሞ መጻፍ ጀምሯል።

«አላልኩም።»

ብዕሩ ቆመ። ጋያውን ይምግ የነበረ ሽማግሌ ትን አለው።

ሙራድ ሰው ፊት ስለሆነ አንቱታ ጨመረ። «ማሲ፣ ምን ጎደለብዎት? እኛ ቤት ምን አጡ?»

«እስካሁን ምንም አላጣሁም። ስለዚህ ነው ሳላጣ የመጣሁት።»

ሰው ሳቀ። የሙራድ ጆሮ ቀላ። ፓትዋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ ሦስቱን ኪላ ጻፈና ወደ ሰኪና ዞረ፤ ከቀረው ለሴት ልጅ የወንድሟ ድርሻ ግማሽ ይደርሳታል። ሰኪና ሻሏን እስከ ቅንድቧ ሳበች። «ይቅር ብያለሁ» አለች፤ ድምጿ እንኳን ለመንደር ለጎን ለተቀመጠችው አይሰማም። ሙራድ ግን ሰማ፤ ሁለት ጊዜ አስደገማት። ሰው ያሳደጋትን ልጅ ዓይኑ እያየ ሲዘርፏት ዝም ማለት እንዴት ይከብዳል!

አሁን ተራው የሙራድ ነው። ሦስቱን ኪላ ከመሬቱ የመጨረሻ ጫፍ፣ ቦዩ ከሚያበቃበት አስለካላት። ቀጥሎ ውሃው መጣ። የሐይደር ቤት የመስኖ ተራ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት። ስምንት ሰዓት ውሃ ለሃያ አራት ኪላ።

«ከስምንት አንድ አይደል?» አለ ሙራድ። «አንድ ሰዓት ይደርሳታል። የመጨረሻዋ ትሁንላት፤ ከሰባት እስከ ስምንት።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ዓርብ ከሰባት እስከ ስምንት ጁምዓ ነው። ወንድ የተባለ ሁሉ፣ ቅጥር ሠራተኛ ሳይቀር፣ መስጊድ ነው። ሴት ደግሞ አካፋ ይዛ ቦይ ላይ ቆማ አታውቅም። ሐይደር ራሱ አዛኑን ሲሰማ መክፈቻውን ዘግቶ ይሄድ ነበር፤ ውሃው ወደ ረግረጉ ይፈሳል። ያቺን ሰዓት ሙቷ ሰዓት ነበር የሚሏት። ሦስት ኪላ ከሙት ሰዓት ጋር፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ፓትዋሪው እንኳ ከበደው። «ሴትዮ፣ ሰዓቱን ሰምተሻል?»

ኑራን ፊቷን እንዳያዩት ነጠላዋን ሳበች። የደበቀችው ግን ለቅሶ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓርብ ዓርብ ለሐይደር ምሳ ስታደርስ፣ እሱ መስጊድ ሲሄድ፣ እሷ ቂጣውን ከውሻ እየጠበቀች ቦዩ ዳር ትቀመጥ ነበር። ሌላ የሚታይ ስለሌለ ውሃውን ታያለች። ጠዋት ከቦዩ ግማሽ የማያልፈው ውሃ፣ ወንዶቹ በሄዱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከፍ ከፍ ብሎ ሣሩን ይነካል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከላይ የሚያርሰው ሀጂ ገፋር ዓርብ ጠዋት የቦዩ ግድግዳ ሁልጊዜ ይበሳበታል፤ ሲጠየቅ «አይጥ ነው» ይላል። ለጁምዓ ሲሄድ ግን ቀዳዳውን በጭቃ ይደፍነዋል፤ እሱ በሌለበት ማሳው እንዳይጥለቀለቅ ነው። ሀጂ ገፋር ከፊተኛው ረድፍ ጠፍቶ አያውቅም። ኑራን ይህን አንድ ጊዜ ለሐይደር ብትነግረው፣ «ሴትና ውሃ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳቀባት። ሁለተኛ አልነገረችውም።

«እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ይጻፍ» አለች ቀስ ብላ። «ግን እንደገና እንዳይነካ ሆኖ ይጻፍ።» አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ጥብቅ አድርጋ አተመች።

ስንዴው ከበቀለ በኋላ የመጀመሪያው ዓርብ ሲደርስ አዛኑ ተሰማ፣ መንደሩ ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ መስጊድ ጎረፈ። ኑራን የሱሪዋን እግር እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ የሐይደርን አካፋ ተሸክማ በተቃራኒው ወረደች። ሴቶቹ ጣራ ላይ ወጥተው አዩዋት። የሙራድ ሚስት፣ «ኧረ ማሲ፣ አካፋው እንዳይበላሽ!» ብላ ጮኸች።

መክፈቻውን ስትቆርጠው ውሃው ከገመተችው በላይ በረታባት። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ። አንድ ቦታ ግድቡን ጣሰው፤ በጭቃና በጥጥ እንጨት ስትደፍን ሌላ ቦታ ጣሰው፤ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ራሷን ተሳደበች። መዳፏ ተላጠ። ሩቅ ጥጉ ጋ ያለው መሬት ግን ረጠበ። ሰላቱ አብቅቶ ወንዶቹ ሲመለሱ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆና ዳር ላይ ቆማለች።

ሀጂ ገፋር መቁጠሪያውን እያሽከረከረ ቆመ። «ላ ሐውላ! ሴት ቦይ ላይ?»

«ምን ላድርግ ሀጂ» አለች ኑራን፣ መንደሩ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አይጥዎ ከእርስዎ ጋር መስጊድ ሲሄድ ውሃው ሞልቶ አስቸገረኝ።»

ከኋላ የነበሩት ወጣቶች በሳቅ ወደቁ። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ያልተናገረው ነገር ነበር። ሙራድ አልሳቀም፤ ሀጂ ገፋር አማቱ ነው። ሙራድ አማቱን ሌባ ሊል አይችልም፤ አማቱም ይህን ያውቃል።

ኑራን ሳታቋርጥ ዓርብ ዓርብ ወረደች። ጉንፋን ይዟት ወረደች፤ የረመዳንን ጾም ጾማ ወረደች። ስንዴው ሲያሽት ሦስቱ ኪላ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆመ፤ ከላይ ያለው የሙራድ ማሳ ከዳር እየነጣ፣ እየቀነጨረ ወደ መሃል ደረሰ።

አንድ ዓርብ ሙራድ ከመስጊድ ሲመለስ ነጭ ልብሱን ሳይቀይር መጥቶ ግድቡ ላይ ተቀመጠ። ከእሷ ጋር እንዲህ ተቀምጦ አያውቅም።

«ማሲ፣ ደከሙ እኮ እርስዎ» አለ። ሰው አልነበረም፤ አንቱታው ግን መጣ። «ይህ ሰዓት ለሴት ይከብዳል። ከእኔ የጠዋቱን አንዷን ሰዓት ይውሰዱና ይቺን ልያዝልዎት።»

«አንተ ጁምዓ ነህ። ማን ይከፍትልሃል?»

ሙራድ አንገቱን አከከ። «ሚስቴ… ልትሞክር ትችላለች።»

ኑራን ያን ቀን ከጣራው ላይ የሰማችው ድምፅ ትዝ አላትና ሳቋን መያዝ አቃታት፤ አካፋውን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። ሙራድም፣ ይቅርታ ይደረግለትና፣ ፈገግ አለ።

«ስማኝ ሙራድ» አለች ስትጨርስ። «ሰዓቷን እሰጥሃለሁ፤ በጽሑፍ። ከዚያም አልፌ ዓርብ ጠዋት ከንጋት ጀምሮ ሀጂ ገፋር በሚበሳው የቦይ ግድግዳ ላይ እቆማለሁ። አንተ አማትህን ታፍራለህ፤ እኔ አላፍርም፣ እሱም አፌን ይፈራል። ውሃህ ሙሉ ይሆናል። የሰኪናን መሬት ግን መልስ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ሰኪና ይቅር ብላለች። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሰው አልሰማም፤ አንተ ነህ ያስደገምካት። ልጄ ይቅር ያለችው አንተን ላለማጣት ነው። መልስላት፣ አታጣህም።»

«እምቢ ብልስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ። ዓርብም በየሳምንቱ ነው።»

ሙራድ የራሱን ማሳ አየ፤ የነጣውን ዳር፣ የቀነጨረውን መሃል። ከዚያ የእሷን አየ። ከነጭ ልብሱ ላይ ጭቃ ለማራገፍ ሞከረ፣ ይበልጥ አጨቀየው። ከአባቱ መሬት እያንዳንዷን ስንዝር በልቡ ያሰፈረ ሰው፣ እንደረሳ ሁሉ ጠየቀ።

«ድርሻዋ… ስንት ነበር?»

«አራት ኪላ ከአንድ አምስተኛ» አለች ኑራን። «አንድ አምስተኛዋን እንዳትረሳ።»